ወደ ግራ ያዘነበለ ሹሩባ

አጸደ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው በልጇ ጸጉር ነው። ሌላዋ ሴት የባሏን ኪስ ትፈትሻለች፣ ስልኩን ትበረብራለች፤ እሷ ለእንዲህ ያለው ነገር ኩራቷ አይፈቅድላትም። ደግነቱ መፈተሽም አላስፈለጋት፤ ማስረጃው በሁለት እግሩ እየሮጠ ቤቷ ገባላት።

ጊዜው እንቁጣጣሽ ነበር። ባሏ አልአዛር የእህል ወፍጮ ጠጋኝ ነው። የሚኖሩት ሚዛን ተፈሪ ቢሆንም ወፍጮ በቆመበት ሁሉ ይጠራል፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ብልሽቱ ይበዛል። "ቴፒ ሥራ አለኝ፤ ሰሎሜንም ልውሰዳት፣ ከተማ አይታ ትምጣ" አለ። አጸደ ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ ስላላት በበዓል ሰሞን ንቅንቅ ማለት አትችልም። የዘጠኝ ዓመት ልጇን ጸጉር አጥባና አበጥራ፣ በጎማ አስይዛ ላከቻት።

ልጅቷ ሹሩባ ተሠርታ ተመለሰች።

"ማን ሠራሽ?"

"ሰው።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

ሰሎሜ አባቷን አየች። አባቷ ጫማውን አየ። "እዚያው ወፍጮ ቤቱ ጋ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው፤ ልጅ ሲያዩ ይወዳሉ" አለና እጁን ሊታጠብ ወጣ።

እጁ ንጹሕ ነበር። አጸደ ይህን ልብ አለች።

ሹሩባ እንዲሁ በመንገድ ሲያልፉ የሚሠራ ነገር አይደለም። ልጅ ጉልበት መሃል ትቀመጣለች፣ ትቁነጠነጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ሲያባብሏት ዝም ትላለች። ያን ሁሉ ለሌላ ሰው ልጅ የሚታገሥ፣ ወይ ገንዘብ የተከፈለው ነው ወይ ልጅቷን የራሴ የሚል ነው። እንደ ተከፈለበት ደግሞ አይመስልም። ጉንጉኑ ወፍራም፣ የድሮ ዓይነት፣ ጫፍ ጫፉ በጆንያ መስፊያ ክር የታሰረ ነው። አጸደ ነገሩን ዋጠችውና ልጇን ይዛ ጎረቤቷ ዘይቱና ጸጉር ቤት ሄደች።

ዘይቱና የልጅቷን ጭንቅላት ወዲያ ወዲህ አዟዟረችው። "መስመሩ ሁሉ ወደ ግራ አዘንብሏል" አለች። "የሠራችው ሴትዮ ግራኝ ናት። ወጣትም አትመስለኝም፤ እንዲህ የሚጎነጉን ዛሬ የለም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አጸደ ውስጥ አንዲት ግራኝ ሴት መኖር ጀመረች። መልክ አወጣችላት፣ ቀሚስ አለበሰቻት፣ ጠይም አደረገቻት፤ እንጀራ ስትቆርስ እንኳ ያቺ ሴት በየትኛው እጇ እንደምትቆርስ ታስብ ነበር። አልአዛር በሥራ መሃል ለራሱ ሲስቅ ካየች፣ ከሷ ጋር ነው የሚስቀው ትላለች።

የገና ዕለት ለቤተ ክርስቲያን መዝሙር የተገዛላትን ነጭ ቀሚስ ሰሎሜ ካልለበስኩ ብላ ለቴፒው ጉዞ ለበሰችው። ስትመለስ ሹሩባው እንደገና ተሠርቷል፤ የቀሚሱ አንገትጌ ደግሞ ቢጫ ሆኗል። አጸደ በሳሙና ስታሸው ቢጫው ደም መሰለ። አልደነገጠችም፤ በዚህ አገር እርድ ሳሙና ሲነካው እንዲህ እንደሚቀላ የማያውቅ አጣቢ የለም። ያናደዳት ሌላ ነው። እርድ የሚቀቀለው፣ የሚሰጣውና የሚታሸው በቤተሰብ ነው፤ እጁ ቢጫ እስኪሆን የሠራ ሰው እንግዳ አይባልም፣ ባለቤት ነው። ያቺ ሴት ከእርዱ ላይ ተነስታ፣ እጇን እንኳ በወጉ ሳትታጠብ፣ የሷን ልጅ አንገት ነክታለች። ባሏም ማታ እራት ሲበላ ጥፍሩ ሥር ያው ቢጫ ነበረ።

"ወፍጮው ምን ይፈጫል?" አለችው።

"በቆሎ።"

"በቆሎው እንዲህ ያቀልማል?"

"እርድም አልፎ አልፎ ይፈጫሉ" አለና ወጡን አመሰገነ። ወጡ ደግሞ ጨው አልነበረውም።

በየካቲት ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው ባንዴ አበበ። ይህን ጊዜ ሚዛን ተፈሪ የሚኖር ሰው ቤቱ አይቀመጥም፤ ሦስቱም ዳቦና ለስላሳ ይዘው በሸኮ መንገድ አንድ ኮረብታ ላይ ወጡ። ከሥራቸው ያለው ሸለቆ ሁሉ ነጭ ነው፤ ሽታው ራስ ያዞራል። አጸደ ለዚያች ቀን ብላ ጥርጣሬዋን ቤት ትታው ልትመጣ ሞክራ ነበር። ሳቀች፣ ፎቶ ተነሣች፣ ለባሏ አቮካዶ ላጠችለት። ደግ ነው፣ አለች በሆዷ፤ የሚዋሽ ሰው እንዲህ ደግ ባይሆን ምናለ።

"ከቴፒው ማንጎ ሥር ሆነን ብናየው ይበልጥ ያምር ነበር" አለች ሰሎሜ አፏ ሞልቶ።

"የትኛው ማንጎ?"

"ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው፣ እኛ ቤት በር ላይ..." ልጅቷ ዳቦውን ሳትውጥ አቆመች። አልአዛር አሳለ።

እኛ ቤት። አጸደ ነጩን ሸለቆ አየች፤ ምንም አልታያትም።

ሰሎሜ ጥቂት ቆየችና፣ "እማዬ፣ አያቴ ምን ሆኖ ነው የሞተው?" አለቻት።

"ታሞ።"

"መቼ?"

"ሳትወለጂ። ብይ አሁን።"

ወሬ እንድታስቀይር አስተምሯታል ማለት ነው፣ ብላ አሰበች፤ ልጄን ውሸት አሠልጥኗታል። ባሏን ይቅር ብትል እንኳ ይህን ይቅር የምትል አልመሰላትም።

የራሷን ውሸት ግን አላሰበችውም። አባቷ አቶ በላይነህ አልሞቱም። ባደገችበት በደጋው ማጂ ነው የተለየቻቸው። ትምህርቷን አቋርጣ አልአዛርን አገባለሁ ስትል፣ "ብታገቢ ከደጄ እንዳትደርሺ" አሏት፤ ሠርጓ ላይም አልቆሙ። ሙሽራ ሆና በር በሩን ስታይ ዋለች። ልጇ አድጋ ስትጠይቃት፣ ከማስረዳት ሞቷል ማለት ቀለላት፤ ከጊዜ በኋላ ራሷም ለመደችው።

ፋሲካ ደረሰ። አልአዛር ወፍጮ አለብኝ አለ፤ ሰሎሜ ጫማዋን አደረገች። አጸደም ረጋ ብላ፣ "እኔም ሱቁን ዘግቼ ሸዋ ቤንች የታመመች ጓደኛዬን ልጠይቅ" አለች። መዋሸት ለካ ይህን ያህል ቀላል ነው። እነሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ሲወጣ ተከትሎ በሚወጣው ገባች፤ መንገዱን ሁሉ ለግራኟ ሴት የምትለውን ስታጠና ሄደች። አልጮህም፣ አለች። ልጄን እወስዳለሁ፤ እሱን ለራስሽ እላታለሁ። ሸኮን ሲያልፉ እሱን ለራስሽ የምትለው ላይ ስትደርስ ታቋርጠዋለች፤ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ቴፒ ሙቀቱ ፊት ይመታል። ወፍጮ ቤቱን ለማግኘት አልተቸገረችም፤ ተዘግቷል፣ በሩ ላይ ሰንሰለት አለ። የበዓል ወፍጮ ብላ ከንፈሯን ነከሰችና ወደ ጀርባው ዞረች። ማንጎው ትልቅ ነው። ከሥሩ ሰሌን ላይ እርድ ተሰጥቷል፤ ባሏ እጅጌውን ሰብስቦ በመንሽ እያገላበጠ ነው። ቀና ሲል አያት፤ መንሹ ከእጁ አልወደቀም፣ ግን ባለበት ቀረ።

"የታለች?" አለችው።

"ማን?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት ከዛፉ ወዲያ፣ "ራስሽን ቀጥ አድርጊ፤ ጉንዳን የበላሽ ይመስል አትወራጪ" የሚል ድምፅ ሰማች።

ይህን ንግግር አጸደ በጆሮዋ ብቻ አይደለም የምታውቀው፤ ጭንቅላቷ ያውቀዋል። እናቷ ስትሞት ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነበር። ጸጉሯን የምትይዝላት ሴት ስላልነበረ አባቷ በየሳምንቱ ጓሮ ወስደው፣ ሰው እንዳያያቸው ዞር ብለው፣ በግራ እጃቸው እየጎተቱ ይጎነጉኗት ነበር። ወንድ ሹሩባ ሠራ ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል። ተማሪዎች ማን ሠራሽ ሲሏት አክስቴ ትል ነበር፤ አክስት የላትም። ከኋላ ምን እንደሚመስል፣ መስመሩ ወዴት እንዳዘነበለ ግን አንድም ቀን አላየችውም። የራሱን ማጅራት ማን ያያል።

ዞራ ሄደች። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው እስከ አንጓው ቢጫ ነው። ሰሎሜ ጉልበታቸው መሃል ነች።

"ማነው የመጣው?" አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል።

ሰሎሜ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። አጸደ ያጠናችው ሁሉ ጠፍቶባት ወደ ልጇ ዞረች። "ለምን ደበቅሽኝ? ማን ሠራሽ ስልሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሞቷል አላልሽኝም?" አለች ሰሎሜ። "የሞተ ሰው ሠራኝ ልበልሽ?"

የሽማግሌው እጅ ጉንጉኑ ላይ ቆመ። ማን እንደመጣ ገባቸው፤ ምን እንደተባሉም የዚያን ጊዜ ሰሙ።

አልአዛር ከኋላዋ መጥቶ ነበር። "ከእንቁጣጣሽ በፊት ለሥራ ስመጣ ነው ያገኘኋቸው" አላት ዝቅ ብሎ። "የማጂ ብርድ አስቸግሯቸው ወደዚህ ወርደዋል። ልጅቷን ብቻ ልያት አሉ። ብነግርሽ ታስቀሪያት ነበር።"

ታስቀራት ነበር። እውነቱን ነው።

"ተዋት፣ አልተሳሳተችም" አሉ አቶ በላይነህ፣ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው። "ልጁ ስትዳር ያልቆመ አባት ከሞተው በምን ይሻላል።" ከዚያ የሰሎሜን የመጨረሻ ጉንጉን ጨረሱና በጆንያ ክር አሰሩት።

ሰሎሜ ተነሣች። ቦታው ባዶ ሆነ። አጸደ ለዘይቱና ብዙ ብር ከፍላ ያሠራችውን ጸጉር የሸፈነውን ሻሽ ፈታች፤ በበዓል ቀሚሷ መሬት ላይ፣ አባቷ ጉልበት መሃል ተቀመጠች። እሳቸው በመጀመሪያ ራሷን ዳበሱ። በኋላ ግራ እጃቸው መጣ፤ ጸጉሯን ፈትቶ፣ ከፍሎ፣ እንደ ድሮው ከሥሩ ጎተተው።

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ተሰማቸው።

"አሳመምኩሽ እንዴ?" አሉና እጃቸውን አላሉ።

"አያላሉት፣ አባባ" አለች።