ኮምፕረሰሩ እስኪሞላ

ጎሚስታው መጠበቅ የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም። እናቱ «ከሆዴም የወጣው ቀኑ ሳይደርስ ነው፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ» ትላለች። ምግብ ሳይበርድ ይጎርሳል፣ ምላሱን ያቃጥላል፣ ከዚያ ያበሰለውን ሰው ይቆጣል። ወረፋ ላይ ሲቆም ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ በዐይኑ ይገፋል። ሥራው ላይ እንኳ ይህ ጠባይ በጀው፤ ቡሎኖቹን ፈታቶ ጎማውን ሲያንከባልል ሹፌሩ ገና ከወንበሩ አልወረደም። ችግሩ ቤዝ ጊታር ሲይዝ ነው። ቤዝ ጊታር የችኩል ሰው ዕቃ አይደለም።

ባንዱ በጎማ ምክንያት ተቋቋመ ቢባል ውሸት የለውም። መጀመሪያ እሱና ታናሽ እህቱ ብቻ ነበሩ። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስትረግጥ ስለምትውል እግሯ ዝንፍ አይልም። እሑድ እሑድ ምሳ ይዛለት ስትመጣ እሱ አንዲት አሮጌ ቤዝ ጊታር ሲነካካ ታገኘዋለች፤ እሷም ዝም ብላ ከመቀመጥ ብላ የተደራረቡትን ጎማዎች በላስቲክ መዶሻ ትመታ ጀመር፤ እያደር መዶሻው በድራም ተተካ። አንድ ቀን የሒሳብ መምህር የሆነ ሰው ብስክሌቱ ተንፍሶበት መጣ፤ ጀርባው ላይ ጊታር ነበር። ብስክሌቱ ተለጥፎ አለቀ፤ እሱ ግን አልሄደም። ከረሜላም እንዲሁ መጣ። ከረሜላ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ለጉሮሮዬ እያለ ከአፉ ከረሜላ ስለማይለይ ነው ስሙ የወጣለት። የጓደኛውን መኪና ጎማ እያስለጠፈ እግረ መንገዱን ሲያንጎራጉር ሦስቱም ሥራቸውን ትተው ዞረው አዩት። «ምነው?» አለ ደንግጦ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፋኛቸው እሱ ሆነ።

የሚጫወቱት ሮክ ነው፤ ጆሮ የሚያደነቁረውን ሳይሆን ዜማው አፍ ላይ የሚቀረውን ዓይነት። ልምምዱ እዚያው ጎሚስታ ቤት፣ በጎማ ካላማዳሪያና በብረት ቸርኬ መሀል ነው። ጥግ ላይ ኮምፕረሰሩ አለ። አሮጌ ነው፤ በርሜሉ የሆነ ቦታ ያስተነፍሳል፤ ስለዚህ ማንም ሳይነካው አየሩ ሲጎድል በራሱ ጊዜ ይነሣል። ድርርርር ብሎ ወለሉን ያንቀጠቅጣል፤ ሲሞላ ደግሞ ጭስስስ ብሎ ይተነፍስና ጸጥ ይላል። አንዴ ካጠፉት መልሶ ለማስነሣት ልመና ነው፤ እሑድም ቢሆን ጎማው የተነፈሰበት ሹፌር አይጠፋም። ስለዚህ የባንዱ ደንብ ይህ ሆነ፦ ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ሁሉም ያቆማል፤ ጎሚስታው ብቻ የቤዙን ወፍራም ክር እየመታ ከማሽኑ ጋር አብሮ ያጉረመርማል። ማሽኑ ጭስስስ ሲል እህቱ ድራሙን ትመታለች፤ ሁሉም ይገባሉ። ጎሚስታው ከማሽኑ ጋር ስንት ዓመት ውሎ፣ መቼ እንደሚሞላ በእግሩ መዳፍ ያውቀዋል። በሕይወቱ የማይቸኩልባት ቦታ ያቺ ብቻ ነበረች። ይህን ግን እሱም ሌሎቹም ልብ አላሉትም።

«ቆይ መጣሁ» የምትባለዋን ዘፈን መምህሩ በስልኩ ቀዳት። አዝማቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሊመለስ ሲል፣ ልክ ከረሜላ አፉን ሲከፍት፣ ኮምፕረሰሩ ተነሣ። ከረሜላ አፉን ዘጋ። ጎሚስታው ከማሽኑ ጋር አጉረመረመ። ጭስስስ። ድራም። አዝማች። «ይሄ ተበላሽቷል፤ ሌላ እንቀዳለን» አለ መምህሩ። ነገር ግን ጎማ ሊያስነፋ የመጣ አንድ ባለ ሚኒባስ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበርና «የተበላሸውን ለኔ ስጡኝ» ብሎ በፍላሽ ወሰደው።

እንግዲህ የሆነው ሁሉ የሆነው በዚያች ፍላሽ ነው። ሹፌር ለሹፌር ሰጠው። ከታክሲ ወደ ጭነት መኪና፣ ከጭነት መኪና ወደ አውቶቡስ ተላለፈ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጎሚስታ ቤቱ ጎማቸው ደህና በሆነ ሰዎች ይጨናነቅ ጀመር። እሑድ ከሰዓት መኪናቸውን ዳር ያስይዙና መስኮታቸውን አውርደው ልምምድ ያዳምጣሉ። «አየር ልታስነፉ ነው?» ሲላቸው «የለም፣ አየር ልንቀበል ነው» ብለው ይስቃሉ። ጎሚስታው በደስታ የሚሆነውን አጣ፤ አንዱን ጎማ ሁለቴ እየነፋ፣ የአንዱን ቡሎን ለሌላው እያሰረ።

በመጨረሻ የአንድ አዳራሽ ኃላፊ አስጠራቸው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አሳታሚ ገና ያላስፈረማቸው ሦስት ባንዶች ይጫወታሉ፤ ሰው የወደደው ባንድ በየወሩ ይጠራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጎሚስታው ዐይን ከመድረክ ሌላ ነገር አላይ አለ። በሕልሙም፣ ነቅቶ በሐሳቡም መድረኩ ላይ ወጣ።

ለአዳራሹ ሲለማመዱ መምህሩ «እዚያ ኮምፕረሰር የለም፤ ለምንድን ነው ያን ያህል የምንቆመው? ደግሞ ያሳፍራል» አለ። ሁሉም ተስማሙ። ጎሚስታውም ተስማማ፤ በትልቅ አዳራሽ ፊት የጎማ ቤት ጓዝ ይዞ መቅረብ አሳፍሮት ነበር። «ቆም ብለን፣ አራት ብቻ ቆጥረን እንገባለን» ተባለ። ኮምፕረሰሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ለልምምድ ሲባል ከሶኬቱ ተነቀለ። መምህሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲል ጎሚስታው ገባ። እንደገና ሞከሩ፤ ሦስት ላይ ገባ። ከረሜላ ሳቀ፣ ቀጥሎ መሳቁን ተወ። ጎሚስታው ምላሱን ነክሶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ሞከረ፤ አሁንም ሦስት ላይ ገባ።

ሰኞ ዕለት እህቱ ስፌት ቤቷ አስጠራችው። ከረሜላና መምህሩም አሉ፤ እጅጌ ያልተሰፋላቸው ኮቶች በተሰቀሉበት ግድግዳ ሥር ተደርድረው ወለሉን ያያሉ። ጎሚስታው ነገሩ ገና ሳይነገረው ገባው።

«ተናገሩ እንጂ! ምን ዓይነት ለቅሶ ቤት ነው ይሄ?»

እህቱ መቀሷን አስቀመጠች።

«ወንድም ዓለም፣ ትቸኩላለህ» አለች። «እነሱ አይሰማቸው ይሆናል፣ እኔን ግን ትጎትተኛለህ። መምህሩ የሚያውቀው ሰው አለ፤ ረጅሙ ይሉታል። ለቅዳሜ ቤዙን እሱ ይያዝልን።»

«ለቅዳሜ ብቻ?»

እሷ መቀሷን መልሳ አነሣች። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ ይጮህ፣ በር ይደበድብ ነበር። እህቱ ናት ያለችው፤ ለዚያውም እውነቷን ነው።

«ባንዱን የመሠረትኩት እኔ ነኝ» አለ።

«እሱን ማን ካደ?»

ፊቱን አዙሮ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ልምምዱ ረጅሙ ቤት ሆነ።

ያቺ ሳምንት ለጎሚስታው ሳምንት አልነበረችም። እግሩ አንድ ቦታ አልረጋ አለው። ቡሎን ሲያስር ከልክ በላይ አጥብቆ የቡሎኑን ጥርስ በላው። የአንዱን ሰውዬ ጎማ ሲነፋ ሐሳብ ይዞት ሄደ፤ ሰውዬው «ኧረ ሊፈነዳ ነው፣ ወንድሜ!» ብሎ ባይጮህ ኖሮ ሌላ ወሬ ይወራ ነበር። ለእህቱ የሚላትን በልቡ ያሰናዳል፤ ምሳዬን እያመጣሽ ያስለመድሽኝ አንቺ፣ መዶሻ ያስያዝኩሽ እኔ፣ እያለ። እናቱ አይታው «ተቀመጥ እስቲ ልጄ፣ ቤቱን በእግርህ ጨረስከው» አለችው። ተቀመጠና ወዲያው ተነሣ።

ቅዳሜ «አልሄድም» ብሎ ምሎ ነበር። ባለ ሚኒባሱ ግን በሩ ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ከኋላው ሹፌሮች ተጠቅጥቀው ተቀምጠዋል።

«አንተ እስካሁን እዚህ ምን ትሠራለህ? መድረክ ላይ አይደለም እንዴ የምትፈለገው?»

«ዛሬ አልጫወትም። አሞኛል» አለ።

«ካመመህ እንግዲያው ና፣ ተቀምጠህ ስማ።»

ሰው ፊት ማልቀስ ስለማይቻል ገባ።

አዳራሹ ወንበር ሁሉ ተይዞ ግድግዳ ጥግ የቆመም ነበር። ጎሚስታው ከሹፌሮቹ ጋር መሀል ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ እየዘለለ ከፊቱ ያለውን ወንበር ይመታል። «ኧረ ወንድም፣ ወገቤን» አለው ባለ ወንበሩ። ሁለቱ ባንዶች ተጫውተው ወረዱ፤ ምን እንደተጫወቱ ቢጠይቁት አያውቅም። ከዚያ እህቱ ከድራሙ ኋላ ገብታ ተቀመጠች፤ ራሷ የሰፋችውን ቀይ ሸሚዝ ለብሳለች። ረጅሙ ቤዙን ይዞ ቆመ።

ረጅሙ ጥሩ ነበር። እውነቱ ይህ ነው፤ ጎሚስታውንም የቆረጠው ይኸው ነው። ጣቱ አይሳሳት፣ አይቸኩል፤ እህቱም ትከሻዋ ዘና ብሏል፤ ከወንድሟ ጋር ስትጫወት እንዲህ ዘና ብላ አያውቅም። ጎሚስታው ባንዱን ከፊት ሆኖ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁልጊዜ ከውስጥ ነበር የሚሰማው። ያምር ነበር። እንዲህ ማማሩን ሳያውቅ መኖሩ አስደነቀው፤ ያለ እሱ ማማሩ ደግሞ አቃጠለው።

«ቆይ መጣሁ» ስትጀመር አዳራሹ ጮኸ። ሹፌሮቹ ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው አብረው ዘፈኑ። አዝማቹ ሊመለስ ሲል ባንዱ እንደተባለው አቆመ፤ አራት ሊቆጥር።

ያን ጊዜ አዳራሹ ድርርርር አለ።

ማንም አላዘዘም። ሹፌሮቹ ዘፈኑን የሚያውቁት በፍላሽ ነው፤ በፍላሹ ውስጥ ኮምፕረሰሩ አለ። መሪ ይዘው ስንት መንገድ አብረውት ያጉረመረሙትን አሁንም አጉረመረሙ፤ እግራቸውን ወለሉ ላይ እየረገጡ። ባንዱ ግን አራት ቆጠረና ገባ። የከረሜላ ድምፅ በሰዉ ጉርምርምታ ውስጥ ሰጠመ። መምህሩ ቆመ፣ ረጅሙ መምህሩን አይቶ ቆመ፣ እህቱ አንዴ መትታ ዱላዋን አየር ላይ ያዘች። ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። የአዳራሹ ኃላፊ ከመድረኩ ጎን ፊቱን ቅጭም አድርጎ ሰዓቱን አየ። ሹፌሮቹ አሁንም ያጉረመርማሉ፤ ግን መቼ እንደሚቆሙ አያውቁም። አንዳንዱ ደከመው፣ አንዳንዱ ጎረቤቱን ማየት ጀመረ። ነገሩ ሊበተን ነው።

እህቱ በዐይኗ ሰዉን ታስሳለች። ፊቷ ነጥቷል። ጎሚስታው እንዲህ ፈርታ አይቷት አያውቅም። በሆዱ ይዞት የመጣው ወቀሳ ሁሉ የት እንደገባ አላወቀም። ጫማውን አወለቀ። ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ አሳረፈና ከሰዉ ጋር ማጉረምረም ጀመረ፤ እንደ ልማዱ፣ ከታች፣ በወፍራሙ። አጠገቡ ያሉት ሰሙትና በረቱ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉትም በረቱ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ከረሜላ ሊገባ አፉን ከፈተ፤ ገና ነው። መምህሩ በከንፈሩ ሲቆጥር ይታያል፤ ይህ ግን በቁጥር የሚገባበት አይደለም። አየሩ እዚያ ወደሌለው በርሜል ሲገባ፣ ሲታመቅ፣ ጎሚስታው በእግሩ መዳፍ ሰማው። ጉልበቱ አይዘልም። የትም ሊሄድ አልፈለገም።

ሞላ።

«ጭስስስ» አለ በጥርሱ፤ አዳራሹ ሁሉ ተከትሎት «ጭስስስ» አለ፤ እህቱም እዚያችው ላይ፣ ሳትቀድም ሳትዘገይ፣ ድራሙን መታች። አዝማቹ ገባ። ሰዉ ከወንበሩ ተነሣ። ከረሜላ ዘፈነ ማለት ይከብዳል፤ ሰው ነው የዘፈነለት።

ሲያልቅ ጎሚስታው ጫማውን በእጁ ይዞ በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ወጣ። ብዙ አልራቀም። እህቱ ዱላዎቿን እንደያዘች፣ ሸሚዟ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ፣ ስትሮጥ ደረሰችበት።

«አንተ ነህ አይደል?»

«ምኑ?»

«አትቀልድ። እሱ ሁሉ ሰው የት ይቁም የት አያውቅም ነበር። ሌላ ማን እስኪሞላ ይጠብቃል?»

ሳምንቱን ሙሉ ያሰናዳውን ንግግር ፈለገው፤ አንድ ቃል አጣ።

«ኃላፊው በየወሩ ኑ ብሎናል» አለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ሰዉን ያስተማረው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። መምህሩ አፈረ፤ ከረሜላም አፈረ። እኔ...» ዱላዎቹን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ረጅሙ ካንተ ይሻላል፤ አልዋሽህም። ግን እሑድ ልምምዱ ጎሚስታ ቤት ነው፤ ሁላችንም እንመጣለን፤ ሁለት ቤዝ ከሆነም ይሁን። ኮምፕረሰሩን ከእንግዲህ እንዳትነቅለው። ወንድም ዓለም፣ ዛሬ አልቸኮልክም እኮ። የቸኮልኩብህ እኔ ነኝ...»

ከዚያ ወዲያ አልቻለችም። ዱላዎቹን ደረቷ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

«እሺ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ያዝ አደረገው። ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ አልቅሳ እስክትጨርስ ድረስ አጠገቧ ቆሞ ጠበቃት።