የማሽላ ሙጫ

«ፎቶዋን አውጭልን እንጅ ያለምወርቅ። ባዶ ግድግዳ እያየን ነው የምናለቅስ?»

ይህን ያለችው ከወፍጮ ቤቱ ሰፈር የመጣችው አልቃሽ ናት። ከቀብር ከተመለሱ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ከሣር በተሠራው ዳስ፣ በራኩባው ጥላ ሥር፣ ሰሌን ላይ የተቀመጡት ሴቶች ቀና ብለው ያለምወርቅን አዩዋት። ያለምወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳውን አየች። ታናሽ እህቷን ማስተዋልን ንዳድ ነው የነጠቃት፤ ሐሙስ ራሴን አለች፣ ሰኞ ጠዋት አፈር አለበሷት። ገና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ያለምወርቅ ሃምሳ አንድ ሆኗታል፤ እናታቸው ማስተዋልን ጡት ሳታስጥል ስለሞተች እህትም እናትም ሆና ያሳደገቻት እሷ ናት።

ግድግዳው ላይ ክፈፍ አልጠፋም። አንድ አለ፤ ፊቱ ወደ ጭቃው ዞሯል። ያዞረችው ያለምወርቅ ናት። ሁለቱ እህቶች ገዳሪፍ ፎቶ ቤት ጎን ለጎን ቆመው የተነሡት፣ የቤቱ ብቸኛ ፎቶ ነው፤ ማስተዋል ግን የራሷን ግማሽ ቀድዳ ወስዳዋለች። የቀረችው ያለምወርቅ ብቻ ናት። በሟች ለቅሶ የቋሚ ፎቶ ይሰቀላል እንዴ? ሟርት ነው።

«ሙነዘማው ቢሮ ናት» አለች በመጨረሻ። ዶካ በምትባለው በዚህች የሱዳን ከተማ የእርዳታ ድርጅትን ሁሉም በዐረብኛው ሙነዘማ ነው የሚለው።

«እዚያ ምን ልትሠራ?»

«ተለጥፋ።»

አልቃሿ ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች። መልሱን የሰጠቻት ጎረቤታቸው ሳፊያ ናት። ሳፊያ እዚሁ ሱዳን ተወልዳ ያደገች፣ ጦርነቱ ከካርቱም አፈናቅሎ ዶካ የጣላት ሴት ናት፤ አማርኛዋ ከዐረብኛ ጋር እየተቀላቀለ ይወጣል። «ሥዕሉ ላይ ናት፣ ያ ኡክቲ፣ እህቴ። ማስተዋል፣ አላህ ይርሐማ፣ በወረቀት የሠራችው ትልቁ ሥዕል ላይ። ወላሂ እሱ ሳይመጣ ሠልስት አይሆንም።»

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ድርጅቱ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ከጦርነት ለሸሹ ሴቶች የወረቀት ጥበብ አስተምራለሁ አለ። ኮላጅ ይሉታል እነሱ፤ ሴቶቹ ልጥፍ አሉትና አረፉት። አሠልጣኟ ከሩቅ አገር ባለቀለም ወረቀትና የጣት ያህል የጣት ያህል ሙጫ በሻንጣ ሞልታ መጣች። ወሩ ግንቦት ነበር። ያንን ሙጫ ተሸክሞ በግንቦት ዶካ የሚመጣ፣ የዶካን ግንቦት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሾርባ ሆኗል። ጠዋት የተለጠፈው ሁሉ ከሰዓት በኋላ እየተላቀቀ ወለሉ ላይ ረገፈ። አሠልጣኟ ሁለት ቀን ሙሉ በደብተር ራሷን ስታራግብ ከርማ፣ በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወደ መጣችበት ሄደች።

ያኔ ማስተዋል ተነሣች። ማንም አላዘዛትም። አንድ እፍኝ የማሽላ ዱቄት በጠበጠች፣ ምስጥ እንዳይበላው የኒም ቅጠል የተቀቀለበት ውሃ ጨመረችበት፣ ቆንጠር አድርጋ ጨው ጣለችና እሳት ላይ አማሰለችው። በዚያ ሙጫ የተለጠፈ እስከ ዛሬ አልተላቀቀም። ባለቀለሙ ወረቀት ሲያልቅም የሻይ ካርቶን፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የሲሚንቶ ከረጢት እያስለቀመች ሴቶቹን ማስተማር ጀመረች።

«መቀሱን አስቀምጡት» ትላቸው ነበር። «ጣታችሁን ምራቃችሁ ላይ ነከር አድርጉና በምትፈልጉበት መስመር ዙሩበት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ወረቀቱ ራሱ ይለቃችኋል፣ ዳሩም ነጭ ያወጣል። ነጩን አትጣሉት፣ እሱ ነው የሚያምረው። ስትለጥፉ ደግሞ በመዳፋችሁ ተጫኑት። አንድ አባታችን ሆይ እስክትጨርሱ እንዳትለቁ።»

«እኔስ?» አለች ሳፊያ።

«አንቺ ፋቲሓሽን ቅሪ። ካጠረብሽ ሁለቴ ቅሪው።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እነዚያ ሴቶች ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቁት ያን ቀን ነበር።

ያለምወርቅ መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም። እሷ ሰሊጥ መጋዘን የጆንያ አፍ ስትሰፋ የምትውል ሴት ናት፤ ማታ ስትገባ ቤቱ ሁሉ ቁርጥራጭ ወረቀት ሆኖ ይጠብቃታል። «ሰው የሚበላው አጥቷል፣ አንቺ ወረቀት ዱቄት ታበያለሽ» እያለች ትነጫነጭ ነበር። ፎቶውን ተቀድዶ ያገኘች ዕለት ግን ንጭንጭ ብቻ አልበቃትም። አሥራ አራት ቀን አኮረፈቻት። አንድ ክፍል ውስጥ እየተኙ፣ ከአንድ ሳህን እየበሉ፣ አሥራ አራት ቀን።

አሁን፣ ሰሌኑ ላይ፣ እያንዳንዷን ቀን ታስባለች። ቢቻላት አንድ በአንድ ለቅማ በመለሰቻቸው።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ያለምወርቅ ብድግ አለች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ባንታምላክ ሐዘንተኛ ከለቅሶ ቤት ወጥታ በየቢሮው አትዞርም፣ እኔ እሄድልሻለሁ ቢሏት አልሰማችም። «አንቱ ዐረብኛውን ያንብቡልኝ እንጅ መናገሩን እኔ እናገራለሁ» አለችና ጫማዋን አጥልቃ፣ እሳቸውን አስከትላ ወጣች። ለቅሶ ለመድረስ የሚመጡት ሴቶች መንገድ ላይ አግኝተዋት አፋቸውን ያዙ።

የሥልጠናው አስተባባሪ ሄለን ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። ያለምወርቅን ስታይ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሣች። «እትዬ ያለምወርቅ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ነገ እንመጣለን ብለን ነበር።»

«አሜን። ሥዕሉን ልወስድ ነው የመጣሁ። ሌላ ፎቶ የላትም።»

ሥዕሉ ግን ከግድግዳው ወርዷል። ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ ወፍራም ላስቲክ ግማሽ ድረስ ተጠቅልሎበታል። ውጭ አገር ለሚደረግ ኤግዚቢሽን ነገ ከሰዓት ይጫናል አለች ሄለን። ያለምወርቅ ላስቲኩን ገለጥ አደረገችው። ከአገር ሲሸሹ የተሻገሩት ጓንግ ወንዝ ነው፣ በሲሚንቶ ከረጢት ቡናማነት ደፍርሶ የሞላ፤ የተቀደደው ነጭ ዳር አረፋው ነው። ከጋዜጣ የተቀደዱ ሰዎች ጓዛቸውን በራሳቸው ተሸክመው ይሻገራሉ። መኻላቸው ማስተዋል አለች፣ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ፣ የፎቶ ቤቱን ቀሚስ እንደለበሰች።

ኩርፊያው የተፈታው እዚህ ሥዕል ፊት ነበር። «እኔን ለምን ገንጥለሽ ጣልሽኝ?» ብላ ስትጠይቃት ማስተዋል በሙጫ የተለወሰ እጇን እያራገፈች፣ «አልጣልኩሽም እታለም። አንቺ ቀድመሽኝ ተሻግረሽ የለ? ማዶ ነሽ። ወደ አንቺ እኮ ነው የምመጣው» አለቻት። ያለምወርቅ ያን ቀን ፊቷን በነጠላ ሸፍና አልቅሳ፣ ሲወጣላት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ልጥፍ መማር ጀመረች።

ከሥዕሉ ግርጌ አንድ ትንሽ ነጭ ካርድ ተለጥፏል። ያን ጊዜ አልነበረም። ያለምወርቅ ማንበብ አትችልም። «ምን ይላል፣ ጋሽ ባንታምላክ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ዐረብኛውን አዩት። አንዴ አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። «የድርጅቱ ሠልጣኞች የጋራ ሥራ ነው የሚል።»

«ስሟስ?»

«ስም የለውም።»

ያለምወርቅ ወደ ሄለን ዞረች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ይህን ማን ሠራው?»

«እትዬ፣ አሠራር ሆኖ ነው። የሁሉም ሠልጣኞች ሥራ በድርጅቱ ስም ነው የሚወጣው።»

«እሷ ሠልጣኝ ነበረች? አሠልጣኛችሁ ማን ነበር በይ?»

ሄለን ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። «መዝገባችን ላይ ያለችው ከውጭ የመጣችው ባለሙያ ናት። ማስተዋል የትምህርት ማስረጃ ስላልነበራት...»

«ሙጫዋ የቀለጠባት? ሁለት ቀን ራሷን አራግባ የሄደችው?» ያለምወርቅን ሳል አነቃት፤ ንዴት ሲይዛት እንዲህ ያደርጋታል። «አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያለደመወዝ አስተማረችላችሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶ አነሣችኋት። በእኔ እህት እጅ የተሠራ ሥራ አገር ለአገር ሲዞር ስሟ አይጠራም? ሞታ እንኳ? ጉድ እኮ ነው።»

«አለቆቼን ልጠይቅ» አለች ሄለን፣ ወደ መሬት እያየች። «ቢያንስ ለሠልስቱ ለጥቂት ሰዓት እንድናመጣው።»

ያለምወርቅ ማዶ ማዶውን እያየች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያን ቀን የመጣ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ እግዜር ያጽናሽ ሲላት የምትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስሟን አጠፉት።»

ረቡዕ፣ ሠልስት። ጸሎቱ አብቅቶ ንፍሮ እየታደለ ሳለ የድርጅቱ መኪና አቧራውን አስነሥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሄለንና ሾፌሩ ሥዕሉን ተሸክመው ገቡ። እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው የፈቀዱልን አለች ሄለን። ማን ሰምቷት። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ እንደ ቆመ አልቃሿ ጀመረችው፤ ጓንግን እየጠራች፣ መሻገሩን እየጠራች፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። ማስተዋል ያስተማረቻቸው አሥራ ሁለቱ ሴቶችም ነበሩ። ያለምወርቅ እንባዋ የወጣው ያኔ ነው።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሄለን በመስታወት ክፈፍ የገባ ወረቀት በሁለት እጇ አቀረበች። «ይህን ድርጅቱ ለቤተሰቡ መታሰቢያ ብሎ ነው።»

ሳፊያ አንገቷን አስግጋ አየችው። «ሸሃዳ ነው» አለች። «የምስክር ወረቀት።»

«አንብቢልኝ» አለች ያለምወርቅ ሄለንን።

ሄለን ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ አነበበች። «ወይዘሮ ማስተዋል አንዳርጌ... የወረቀት ጥበብ ሥልጠናን ተከታትላ... በጥሩ ሁኔታ ስላጠናቀቀች።»

ራኩባው ሥር ንፍሮ የሚያኝክ አልነበረም። ከሴቶቹ አንዷ በትግርኛ የሆነ ነገር አጉረመረመች፤ ጋሽ ባንታምላክ በትራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉት። በጥሩ ሁኔታ። ሙጫውን ያበሰለችው፣ ሥራውን ያሳየችው፣ የሁሉንም እጅ ይዛ ያስቀደደችው ሴት፣ በሞተች በሦስተኛ ቀኗ ተማሪ ሆና አለፈች።

«አንቺንስ ማን አስተማረሽ?» አለች ያለምወርቅ።

ሄለን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እሷ ናት» አለች፣ ሴቶቹ ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ። «እኔንም እሷ ናት ያስተማረችኝ።»

«እንግዲያው ነይ ቁጭ በይ። ሳፊያ፣ አንድ እፍኝ ዱቄት።»

ሳፊያ ማብራሪያ አልጠየቀችም። ንፍሮው የተቀቀለበት ምድጃ ላይ ድስት ጣደች፣ ከግቢው ኒም ቅጠል ሸመጠጠች። ያለምወርቅ ክፈፉን ገልብጣ ወረቀቱን አወጣችውና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«ስሟ የቱ ጋ ነው?»

«እትዬ፣ ሥዕሉ የድርጅቱ ንብረት ነው፣ እኔን ይጠይቁኛል...»

«ስሟን አሳይኝ ነው የምልሽ።»

ሄለን ሾፌሩን አየችው። ሾፌሩ ፊቱን መልሶ ወደ መኪናው ሄደ። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ «ከዚህ» አለች፣ «እስከዚህ።»

ያለምወርቅ ጣቷን ምላሷ ላይ ነክራ በስሙ ዙሪያ ዞረች። ምላሷ ደርቆባት ነበርና ሁለቴ፣ ሦስቴ ነከረች። ቀስ ብላ ሳበችው። ወረቀቱ ለቀቃት፤ ዳሩ ነጭ አወጣ። የቀረውን፣ ማኅተሙንም፣ «ተከታትላ... ስላጠናቀቀች» የሚለውንም፣ አጥፋ ለሄለን ሰጠቻት። «ይህን ለአለቆችሽ መልሽላቸው።»

ሙጫው መጣ። በሌባ ጣቷ ቀባችው፣ ከሥዕሉ ግርጌ ባለው ነጭ ካርድ ላይ፣ ጋሽ ባንታምላክ በጣታቸው ባሳዩአት «ሠልጣኞች» በሚለው ቃል ላይ ጥርቅም አድርጋ ለጠፈችው። መዳፏን ጫነችበት፤ አባታችን ሆይ አለች በከንፈሯ። አጠገቧ ሳፊያ ፋቲሓዋን ትቀራለች፤ ትግርኛ የምትናገረዋም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ከደጅ የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ስምንት ሰዓት ሆኗል። አባታችን ሆይ አለቀ።

«እትዬ ያለምወርቅ» አለች ሄለን በቀስታ፣ «ይዟል መሰለኝ።»

ያለምወርቅ ከመዳፏ ሥር ወረቀቱ መያዙን አውቃዋለች። እጇን አላነሣችም።

«ገና አልያዘም» አለች፤ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመረችው።