የእንድሪያስን ድምፅ የሰማው ሰው

«…የማቆያ ቤቱ ጠባቂ፣ አስካሪው፣ ‹ማማ፣ ሰዓት አልፏል፤ ነገ ነይ› አላት። ፋናዬ ምን አደረገች? ፔርሙዟን በሩ ሥር አስቀመጠችና ነጠላዋን አንጥፋ ቁጭ! ‹እንግዲያው ነገን እዚሁ እጠብቀዋለሁ› አለችው።»

ጎረቤቲቱ ካልቱማ ትከሻዋን ሰፋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ሟቿን ስታስመስል ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ሮዳስም ሳቀች። እናቷን የቀበረችው ትናንት ነው። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ተዘግቷል፤ ሳቁ ግን ነውር ሆኖ አልተሰማትም።

«ኋላስ?» አለች ከጥግ አንዷ።

«ኋላማ ምን ያድርግ? የታሰረውን ባሌን አብዱራሺድን ወደ በሩ አመጣው። ‹በላህ? ተኛህ? የሚያጫውትህ ሰው አለ?› አለችው። አብዱራሺድ እስካሁን ያነሣታል። ዘመድ እንኳ እንደዚያ አልጠየቀኝም ይላል።»

ፋናዬ በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ትንሽ ሆቴል ነበራት። ከጥቂት ቀን ሕመም በኋላ ልጇ ሮዳስ እጇን ይዛ ሳለ በእንቅልፏ አለፈች። ጭንቅ አልነበረውም። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «እንዲህ ያለ ሞት ይስጠኝ» እያለ ይገባል። ድንኳኑ የተተከለው ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ማዕድ እንዲበላ ምስር፣ ሩዝና ባቄላ ብቻ ተሠርቷል። ፋናዬ ብትኖር የምታደርገው ይህንኑ ነበር።

ድንገት ከድንኳኑ መግቢያ የአጎቷ የክፍሌ ድምፅ ተሰማ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ሮዳስ ቀና ብላ አየች። የእናቷ ወንድም ሁለት እጁን ዘርግቶ መግቢያውን ዘግቶታል። ከፊቱ ሽርጥ ያሸረጠ ረጅም ቀጭን ሰው ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ከፍርድ ቤት ወዲህ ባታየውም ወዲያው አወቀችው። ሀልካኖ ነው። ወንድሟ የሞተ ዕለት ተረኛ ጠባቂ የነበረው።

የሴቶቹ ሳቅ ቆመ።

እንድሪያስ የሮዳስ ታላቅ ወንድም ነበር። በሞተር ሰው እያመላለሰ ይሠራል፤ ደንበኞቹን እያሳቀ ያደርሳቸዋል። አንዳንዴ ግን ከባድ ነገር ይጫነውና ለቀናት ከአልጋው አይነሣም። ያን ጊዜ ፋናዬ ከአጠገቡ አትጠፋም። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ከአስካሪዎች ጋር ተጣላና የአካባቢው አስተዳደር ማቆያ ቤት አስገቡት። ፋናዬ ሻይዋን ይዛ ሮጠች። በሩ ላይ ያገኘችውን ጠባቂ ለመነችው።

«ልጄ ታማሚ ነው። ሲከፋው በራሱ ላይ ክፉ ያስባል። እባክህ ከሰው ጋር አድርጉት፤ ቶሎ ቶሎ እዩት።»

በማግስቱ ጠዋት መጥተው ጠሯት። እንድሪያስን ለብቻው ቆልፈውበት ነበር፤ ሕይወቱን አጥፍቶ አገኙት።

ሰው ሁሉ ዝም በዪ አላት። እንዲህ ያለ ሞት አይወራም፣ ስሙንም አታንሺው አሏት። ክፍሌም እንደዚያው መከራት። እሷ ግን አስተዳደሩን ከሰሰች። ክሱ ዓመታት ፈጀ። የአስተዳደሩ ጠበቃ «ማንም አልነካውም፤ ያደረገው በገዛ እጁ ነው» ብሎ ሲከራከር፣ ፋናዬ ከቆመችበት ሆና «እጁስ የሱ ነው፤ ቁልፉ ግን በማን ኪስ ነበር?» አለችው። ሮዳስ ያን ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። እናቷ እንደዚያ ረዝማ ታይታት አታውቅም።

ቀጥሎ አስተዳደሩ «ልጁ ታማሚ መሆኑን ማንም አልነገረንም» ብሎ ካደ። ፋናዬ ምስክር አልነበራትም፤ ክሱ እዚያ ላይ ሊወድቅ ነበር። ያን ጊዜ ሀልካኖ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ገብቶ ቆመ።

«ነግራናለች» አለ። «የነገረችው ለእኔ ነው። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ተወው አለኝ። ተውኩት። እስኪነጋ አንድ ጊዜ እንኳ ገብቼ አላየሁትም።»

ዳኛዋ፣ ሰውን የቆለፈ ነፍሱንም የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ አደጋው እየተነገረው ችላ ያለ ይጠየቃል ብላ ፈረደች። ማቆያ ቤቱ ታማሚን ለብቻው እንዳያስር፣ ቤተሰብም እንዳይከለክል ታዘዘ። ሀልካኖ ብዙም ሳይቆይ ከሥራው ተባረረ። ፋናዬ ደግሞ ትእዛዙ ተረስቶ እንዳይቀር ፔርሙዟን ይዛ በየጊዜው እዚያ በር ላይ መቆም ጀመረች። የታሰረው የማንም ልጅ ይሁን፣ አይታው ትመለሳለች። ከእንድሪያስ ወዲህ ከዚያ ቤት ሬሳ አልወጣም።

«ሂድ» አለ ክፍሌ። «እህቴ ስታለቅስ የኖረችው በአንተ ነው። በኋላ እውነቱን ስለተናገርክ ልጁ አልተነሣም።»

«አልተነሣም» አለ ሀልካኖ ቀስ ብሎ። «እውነትህን ነው። ፖሌ፣ ያጽናችሁ ልላችሁ ነው የመጣሁት። ብያለሁ። እሄዳለሁ።»

ዞር ሲል ሮዳስ ተነሣች።

«ጋሼ ክፍሌ፣ ይግባ።»

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ይህን ሰው ብታይ…»

«ታየኝ ነበር» አለ ሀልካኖ። «ቡቲዬ መንደር፣ ቤቴ ድረስ ትመጣ ነበር። ወተት ልገዛ እያለች።»

ክፍሌ እጁን አወረደ።

ሮዳስ የእናቷን የቡቲዬ መንገድ አስታወሰች። ሞተር ተከራይታ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ፊቷ ፈካ ይላል፣ ማታ ሳህን እያጠበች ታንጎራጉራለች። አየሩ ተስማምቷት ነው ብላ ነበር ሮዳስ።

«ግባ፣ ጋሽ ሀልካኖ» አለችው፤ መግቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። «እናቴ አንተ ዘንድ ምን ትሠራ ነበር?»

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«የመጀመሪያ ቀን ልትረግመኝ መሰለኝ። ሚስቴ ቢፍቱ ፈርታ ልጆቹን አስገባች። ማማ ፋናዬ ግን ተቀመጠች። ‹ልጄን መጨረሻ ላይ የሰማው ጆሮ የአንተ ነው። ምን አለ? ምንም ሳታስቀር ንገረኝ› አለችኝ። ነገርኳት። አለቀሰች። ደግሞ መጣች። ‹ድገምልኝ› አለች። ደገምኩላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ልቅሶው ቀረ። መሳቅም መጣ።»

«ምን የሚያስቅ ነገር አለው?» አለ ክፍሌ ከቆመበት።

ሀልካኖ ሮዳስን አያት። ራሷን ነቀነቀችለት።

«ፀሐይ ስትጠልቅ እንድሪያስ ጠራኝ። ‹አስካሪ፣ ሞተሬ ደጅ ነው፤ ከነዳኸው ተጠንቀቅ፣ ማርሽ ስትቀይር ክላቹ ይንሸራተታል› አለኝ። ሞተር መንዳት አላውቅም አልኩት። ‹ይህን ያህል ሰውዬ ሆነህ?› ብሎ ሳቀብኝ። ‹በል ስወጣ አስተምርሃለሁ› አለ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ‹እናቴ መጥታለች?› አለ። በር ላይ ነበረች፣ አላስገቧትም እንጂ መጥታለች አልኩት። ‹ሻይ ይዛ?› አለ። ሻይ ይዛ አልኩት። ‹እሷስ አትረሳኝም› አለ። ከዚያ ዝም አለ።»

ሀልካኖ ወደ መሬት አቀርቅሮ ቀጠለ።

«ዝም ሲል ተኛ ብዬ ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ነበር ገብቼ ማየት የነበረብኝ። ይህንንም ለእናትሽ ሳልደብቅ እነግራት ነበር። ‹ታውቃለህ፤ እኔም አውቃለሁ። አሁን ሞተሩን ድገምልኝ› ትለኝ ነበር።»

ሮዳስ ዕንባዋ ይወርዳል፤ ደስ የሚልም ነገር ደረቷ ውስጥ ተከፍቶ ነበር። ለዓመታት እንድሪያስን ስታስብ የሚመጣባት አሟሟቱ ብቻ ነበር። አሁን በጠባቂ ላይ ሲስቅ፣ የማያውቀውን ሰው ሞተር ላስተምርህ ሲል ሰማችው። እሱው ነው፤ እንድሪያስ እንዲህ ነበር። እናቷም ቡቲዬ ስትመላለስ የኖረችው እሱን ለማግኘት ነው።

«ክላቹ እኮ እውነትም ይንሸራተት ነበር» አለች፣ እየሳቀች እያለቀሰች።

«አሠራው ብዬው ነበር» አለ ክፍሌ። ሁሉም ዞረው አዩት። «ሞተሩን የገዛሁለት እኔ ነኝ። ክላቹን አሠራ፣ አሠራ እያልኩ… ‹ጋሼ፣ ቀስ ብዬ ስነዳው ይታዘዘኛል› ይለኝ ነበር።»

እንድሪያስ ከሞተ ወዲህ ክፍሌ ስለ እሱ ሲናገር የሰማ ሰው አልነበረም።

ካልቱማ ተነሥታ «ምሳ ቀርቧል፤ እንግዳው ሳይበላ አይሄድም» አለች፤ ሩዙንና ምስሩንም በትሪ አመጣች። ሮዳስ የእጅ መታጠቢያውን ሳህንና የውኃውን ጆግ ይዛ ወደ ሀልካኖ ስትመጣ ክፍሌ መንገዷ ላይ ቆመ። ሳህኑንም ጆጉንም ከእጇ ተቀበላት።

ያረጀ ጉልበቱ እያስቸገረው አግዳሚው ፊት በርከክ አለ። ሀልካኖ ደንግጦ ሊነሣ ሲል ክፍሌ በዓይኑ አስቀመጠው። ሀልካኖ እጆቹን ዘረጋ። ክፍሌ ውኃውን በቀስታ ያንቆረቁርለት ጀመር።

እጆቹ ታጥበው ጠሩ። ክፍሌ ግን ማፍሰሱን አልተወም፤ ሀልካኖም እጆቹን አልሰበሰበም። ጆጉ ባዶ እስኪሆን ሁለቱም ውኃውን እያዩ ቆዩ።