ቦታው ድረስ ሄደን አይተናል

ዓይኗ ደክሟል ይሉኛል። የማን ዓይን ነው የደከመው? የበሰለውን ቡና ካልበሰለው ከጎረቤት ማሳ ሆኜ የምለይ ሴት ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ሰው አልስትም።

ቡናው ካበበ ጀምሮ፣ በየቀኑ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ከጎረቤቴ ከፈንታው ጋር በሚያዋስነን መስመር ላይ ይመላለሳል። ከዋንዛው ተነስቶ እርምጃውን ይቆጥራል። ወንዙ ጋ ሲደርስ ቁጥሩ እንደጠፋበት ሰው ተመልሶ ከዋንዛው ይጀምራል። ደረቅ ቅጠል ሲረግጥ ድምፅ የለውም። አላፊ አግዳሚውን የማታሳልፍ ውሻዬ እሱን ስታይ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ ዝም ትላለች።

መልኩን አውቀዋለሁ። አቶ ወልደጻድቅ ነው፤ ሚዛን ተፈሪ ያለው ጠበቃ። ዛሬ ለድሃ በነፃ ይሟገታል፣ አገር ይመርቀዋል። ከሃያ ዓመት በፊት ዳኛ ሳለ ግን ባለቤቴ አባቢያ የተቀበረበትን ማሳ ለፈንታው ፈረደ። ያኔም «ዳኛው መሬቱን አላየም» ብል የሰማኝ የለም። አሁን ፈንታው ዓርብ ዕለት መቃብሩ ላይ የችግኝ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ነው።

ለልጄ ለላምያ «ያውልሽ!» አልኳት። ምንም አላየችም።

«እማዬ፣ ጠበቃው እኮ አሁን ቢሮው ነው።»

«ደውይለታ!»

ስልክ ቁጥሩን ያልያዘ ድሃ የለም፤ ደወለች። ራሱ አነሳው። በስልኩ «ሃሎ» ሲል፣ ዋንዛው ሥር ያለው ቀና ብሎ አየኝ።

በማግስቱ ከምንኖርበት ከሸኮ በሚኒባስ ሚዛን ተፈሪ ወርደን ቢሮው ገባን። ግድግዳው የምስጋና ወረቀት ብቻ ነው።

«ይቀመጡ እማማ፤ እዚህ ክፍያ የለም» አለኝ።

«ክፍያ ማን ጠየቀህ? ይህን አንብብልኝ።» ከሳጥኔ ያወጣሁትን የፍርድ ወረቀት ሰጠሁት።

አነበበ። መሃሉ ላይ ድምፁ ወረደ። «ቦታው ድረስ ሄደን፣ ወሰኑን በእርምጃ ለክተን አይተናል።»

«መቼ መጣህ?»

«የዚያን ቀን ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ እማማ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ ጻፈው፣ እኔም ፈረምኩ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«እግሬ ረግጦት አያውቅም።»

«እስቲ እግርህን አውጣው።»

ከጠረጴዛው ሥር አወጣው። ሱሪው ጫፍ ላይ ነጭ የቡና አበባ ተለጥፏል፤ ገና አልጠወለገም። ላምያ አይታ ክንዴን ጨበጠችኝ።

እሱ አልደነገጠም። «አበባውን በየቀኑ ከሰዓት ሱሪዬ ላይ አገኘዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እግሬም ይዝላል። ለሰው ብናገር ጠበቃው አበደ ይሉኛል።»

«እኔን ሲሉኝ ኖረው የለ? ምን ሆንኩ? ስማኝ። ነገ ሐሙስ ነው። በገዛ እግርህ ትመጣለህ። ከዋንዛው እስከ ወንዙ ትለካለህ። አባቢያ መቃብር አጠገብ ቆመህ ‹ያኔ አላየሁም፣ አይቻለሁ ያልኩት ውሸት ነው› ብለህ ትጽፋለህ፣ ትፈርማለህ፣ ፈንታው ዶማ ሳያነሳ ለፍርድ ቤቱ ትሰጣለህ። ስትመለስ ደግሞ ያንን ሰውዬህን ከቡናዬ ውስጥ ይዘህልኝ ሂድ።»