ለእርግማን የተባለ አሚን

ስለሺ ስክሪፕት ከመጻፉ በፊት የዳይሬክተር ወንበር አሠራ። ከጀርባው ስሙን በነጭ ቀለም አስጽፎበት፣ የደሴ ጉም ፊት ለፊት ያለውን ሰው በሸፈነበት ቀን እንኳ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ይቀመጥበታል። የመመረቂያ ፊልማችን ዳይሬክተር እሱ፣ ደራሲው እሱ፣ መሪ ተዋናዩም እሱ ነው። ለእኛ የተረፈን ሥራው ብቻ ነበር። አግማስ ካሜራ ያዘ፣ ሙንዚር ድምፅ፣ እኔ ረውዳ ደግሞ ኤዲቲንግ።

ፊልሙ «ጥቁር ዝናብ በጦሳ» ይባላል። አንድ የሀብታም ልጅ አባቱን ይበድላል፣ አባቱ ይረግመዋል፣ ልጁም አልቅሶ አልቅሶ ያብዳል። ጣጣው የመጣው ከልቅሶው ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ገራዶ መንገድ ዳር ቆመን ስለሺን ስንቀርጽ ዋልን፤ ከዓይኑ አንዲት ጠብታ ጠብ አላለችም። ቀይ ሽንኩርት ልጠን ብናስጠጋለት የላጥነው እኛ አለቀስን፣ እሱ አስነጠሰ። በመጨረሻ ፀሐዩ አስቸገረኝ ብሎ ወንበሩን አጥፎ ተነሣ።

ሌላው ቢስቅ እኔ የምስቅበት አንጀት አልነበረኝም። አባቴ ይህን ትምህርት የፈቀደልኝ እየከፋው ነው። ፊልሙ ካላለፈ ኮምቦልቻ አጎቴ ሱቅ ገብቼ ሚስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ፤ ነገሩ በሁለቱ መካከል ተመክሮበት አልቋል። ሚስማርን ንቄ አይደለም። እኔ ግን ምስል መቁረጥና መቀጠል ነው የምወደው። የአንዱን ሰው ዝምታ ከሌላው ዝምታ ጎን ሳስቀምጠው ሁለቱ መነጋገር ሲጀምሩ፣ ያን ቀን ምሳም ትዝ አይለኝም።

ስለሺ ለረጋሚው አባት ነጭ ጺም ያለው፣ ድምፁ የሚያስፈራ ሽማግሌ ፈለገ። የአባቴ አጎት ሸህ ሚስባህ ደጋን ከተማ ይኖራሉ። ድምፃቸው አያስፈራም፤ ጺማቸው ግን ነጭ ነው። ሰው ዱአ ሊያስደርግ ከየአቅጣጫው የሚመጣባቸው፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። እንግዲህ እሳቸውን ነው አስረግመን ልንቀርጽ ቁልቁለቱን ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ደጋን የወረድነው።

የመጣንበትን ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «እርግማን በጨዋታም እርግማን ነው ልጄ። አፍ ጨዋታ አያውቅም።» ስለሺ ስለ ጥበብ ረጅም ንግግር አደረገላቸው፤ በትዕግሥት አዳመጡት። እኔ ጉልበታቸውን ስሜ የአጎቴን ሱቅ ነገር ነገርኳቸው። እንግዲያው ቀለል ያለች እርግማን እፈልግለታለሁ አሉ።

የካሜራ ማቆሚያችን ፒያሳ ካለ የሠርግ ቪዲዮ ቤት የተዋስነው ነው። አንገቱ የላላ በመሆኑ አግማስ እጁን ሲለቀው ካሜራው አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ አግማስ እንዳይለቅ አስምለነዋል። ስለሺ በተወለወለ ጫማው ሸሁ ፊት ቆመና «አክሽን» አለ።

ሸሁ መዳፋቸውን ዘረጉ። ከአላህ ጋር ሲነጋገሩ ሌላ አቋቋም አያውቁማ። «ያሰብከው አይሙላ፤ የጀመርከው አይለቅ» አሉ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው።

«አሚን» አልን።

ወሎ ያደገ ሰው ሽማግሌ መዳፉን ሲዘረጋ ቃሉን አይመረምርም። እጁ ይነሣል፣ አፉ አሚን ይላል፤ እስላም ነህ ክርስቲያን ነህ የሚባልበት ነገር አይደለም። አግማስ መሐላውን ረስቶ ካሜራውን ለቆ ሁለት እጁን ዘርግቷል። ሙንዚር የማይኩን ዘንግ ብብቱ ሥር ወትፎ ዘርግቷል። እኔም ዘርግቻለሁ። ስለሺ ራሱ፣ ለራሱ እርግማን፣ ከሁላችንም ጮክ ብሎ አሚን ብሏል።

ከዚያ ነው ነገሩ የገባን። የጀመርነው ነገር ቢኖር ይኸው ፊልም ነው፤ እንዳያልቅ የተረገመውም እሱ፣ አሚን ያልንበትም እኛ። ሙንዚር «አስተግፊሩላህ» ሲል አግማስ አማተበ። የእኔን ልብ የአጎቴ ሚስማር ወጋው።

ስለሺ መነጽሩን አውልቆ ሸሁ እግር ላይ ወደቀ። «ሸህ፣ ያንሡልኝ። እናቴን፣ እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነው።»

ሸሁ አጎንብሰው ትከሻውን ያዙት። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» አሉና ደግመው መዳፋቸውን ዘረጉ። «የጀመራችሁትን ይፈጽምላችሁ። የልባችሁን ሐጃ ይሙላው። የምትሠሩበትን እጅ አይንሣችሁ።» በዚህኛው አሚን ጉሮሯችን እስኪነቃ ጮኽን።

ስለሺ ግን ልቡ አልተመለሰም። የኮምቦልቻን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን። በማግሥቱ ታምሜአለሁ ብሎ ቀረ፣ ፊልሙ ላይ ክፉ ነገር አለበት ብሎም ሚሞሪ ካርዶቹን በሰው ላከልኝ። ወንበሩን ደጋን ረስቶት ነው የመጣው።

ኮምፒውተር ክፍል ገብቼ የተቀረጸውን ከፈትኩ። አግማስ ከለቀቀው ጀምሮ ካሜራው ያሳየኝ እግር ብቻ ነው፤ የሸሁ ያለቀ የፕላስቲክ ጫማ፣ የስለሺ የተወለወለ ጫማ። ተበላሽቷል ብዬ ልዘጋው ስል የተወለወለው ጫማ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ ከዚያ ጉልበቱ መጣ፣ ከዚያ ፊቱ ወደ መሬት ወርዶ ምስሉን ሞላው። ያለቅሳል። ሽንኩርት ያላስለቀሰው ሰው እንባና ንፍጡ ተቀላቅሎ ያለቅሳል። እንዲህ ያለ ልቅሶ በፊልም አይቼ አላውቅም።

መጀመሪያ አሚኖቹን እንደ ረብሻ ቆርጬ ጣልኳቸው፤ ፊልሙ ሞተብኝ። መለስኳቸው፤ ተነሣ። ከፊት ወንበሩን፣ የገራዶውን ሽንኩርትና ማስነጠሱን አስገባሁ። ካሜራው ሳያቀረቅር የተቀረጸ ጥሩ ምስል ብዙ ነበረን፤ አብዛኛውን ጣልኩት። ማሳመር ማለት መጨመር ይመስለኝ ነበር።

ፊልሞቹ በታዩበት ቀን አባቴ መጥቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው አቋቋም ነው። ሽንኩርቱ ላይ አዳራሹ ሳቀ፤ እርግማኑ ላይ አሚን ስንል ሳቁ ጣሪያ ነካ። የስለሺ ፊት ወደ መሬት ሲወርድ ግን ሳቁ ተቋረጠ። የሸሁ ድምፅ ብቻ ቀረ፣ «የጀመራችሁትን ይፈጽምላችሁ።» እጆች ተነሡ። ነጥብ የሚሰጡን መምህር ሰማኸኝ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ አዳራሹ በሙሉ አሚን አለ። እኔ ወደ በሩ ነው የማየው። አባቴም ዘርግቶ ነበር። አለቀስኩ፣ ያለ ሽንኩርት።

አልፈናል። አባቴ ስወጣ ጠብቆ፣ አጎትሽን ሌላ ሰው ይፈልግ እለዋለሁ አለኝ።

ስለሺ ያን ጊዜ መድረክ ላይ ነበር። ከመጀመሪያውም ያሰበው እንዲህ እንደሆነ፣ ካሜራው እንዲያቀረቅር ሆን ብሎ እንዳደረገ፣ ልቅሶውን ለመለማመድ ወራት እንደፈጀበት እያስረዳ ሲጨበጨብለት ቆየ። ሲወርድ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ እኔ መጣና፣ ለሚቀጥለው ፊልሜም ኤዲተር አደርግሻለሁ አለኝ።

«ወንበርህ ደጋን ነው ያለው» አልኩት። «ሸህ ሚስባህ ሰው ሲመጣባቸው እሱ ላይ ተቀምጠው ነው ዱአ የሚያደርጉት። አሁን የተናገርከውን ለእሳቸውም ነግረሃቸው፣ ወንበሩን ተቀብለህ ና።»

እስካሁን አልሄደም።