የጋሼ ገብረየስ ፍንጣሪ

ጋሼ ገብረየስ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፀጉሩን እንደሚቆረጥ ጁባ አማራት ሰፈር ላለ ሀበሻ ሁሉ ተነገረ። ነጋሪዋ ሚስቱ ማንያህልሻል ናት። የሰማውም «በሰላም ያውጣው» አለ።

ቀልድ አልነበረም። ጋሼ ገብረየስ ከግራ ጆሮው ኋላ፣ አጥንቱ ላይ፣ ግማሽ ሎሚ የምታህል ጠንካራ እብጠት አለችው። ከጾረና ግንባር የመጣች ፍንጣሪ ናት ይላል። በእሷ የተነሳ ጁባ ውስጥ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው፤ የትም ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል፤ እሑድ ደግሞ የኮሚኒቲው ሊቀመንበር ሆኖ ሊመረጥ ነው። ለምርጫ ጎፈሬ አይሆንም ተባለ።

ጾረናን የሚያውቃት በሬዲዮ ነው። እብጠቷ አብራው ተወልዳለች። ናዝሬት ሳለ ልጆች «ባለቀንዱ!» ይሉታል፤ ጎረቤት «እናትየው ምን ብትሠራ ነው?» ይላል፤ እናቱ የራሷን ነውር እንደምትሸፍን ሁሉ ሻሽ ታስርለታለች። ካደገ በኋላ ያየው ሐኪም «ከተወለድክ ጀምሮ ያለ የአጥንት እድገት ነው። ብርቅ ነው፤ ግን አይጎዳህም» አለው። ጁባ በገባ በሳምንቱ አንዱ ቢጠይቀው «ፍንጣሪ ናት» ብሎ አረፈ። እናቱን በአደባባይ የካደ ያህል አፈረ። ወንበር ሲለቀቅለት ግን ተቀመጠ።

ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ ሐምዱ ጎፈሬውን አራግፎ ጠባሳ ቢፈልግ አጣ። ቆዳው እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው።

«ጋሼ፣ በየት በኩል ነው የገባችው?»

«ቆየ እኮ...» አለ ገብረየስ። ላብ በአንገቱ ወረደ።

«እንግዲህ በሩን ከፍታ፣ መልሳ ዘግታ ነው የገባችው» አለ ሐምዱ።

ተራ የሚጠብቀው ኮንትራክተሩ አየለ ኮርኒሱን አየ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ለገብረየስ ይሻለው ነበር።

የእሑዱ ምርጫ ወንዝ ዳር ባለ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው። በሩ ላይ አንድ ረጅም ጥበቃ የብረት መፈተሻ ይዞ ቆሟል። ገብረየስን በክብር አስቀደሙት። ቁልፉን አስቀመጠ፤ ቀበቶውን ፈታ። ጥበቃው መሣሪያውን ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ አወጣው። ጉልበት፤ ወገብ፤ ደረት። ጆሮው ጋ ሲደርስ እብጠቷን አየና ሁለቴ መላልሶ ፈተሻት።

መሣሪያው ዝም።

«ማፊ» አለ ጥበቃው በዓረብኛ፤ ምንም የለም ማለቱ ነው።

ከኋላ የተሰለፈው ሀበሻ ትንፋሹን ዋጠ። ገብረየስ መሬት ብትከፈት ይገባ ነበር።

«ማሽኑ አይሠራም!» አለ አየለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቃሉን ከቤቱ አዘጋጅቶ እንደመጣ ሰው።

«ባትሪው አልቆ ነው» አለች ማንያህልሻል ቶሎ።

«የጁባ ዕቃ!» አለ ሐምዱ።

ገብረየስ ዞሮ አንድ በአንድ አያቸው። ሁሉም የራሱን ጫማ ያያል።

ጥበቃው አየለን በእጁ ጠራው። መሣሪያው ገና የቀበቶው ዘለበት ጋ እንደደረሰ ጮኸ።