የውሃ አባቱና የፀሐይ አክሊል

የላይኛው መንደር የውሃ አባት፣ የመስኖ ተራ አስከባሪው አለኸኝ፣ በዚያ ምሽት ጎኑ ቢያርፍም ልቡ አላርፍ አለው። የመስኖው ተራ የሚለወጠው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ዳሩ ግን ፀሐይ ለላይኛው መንደር ቀድማ ትወጣለች፤ ከታችኛው መንደር ግን ተራራው ይጋርዳታል። ላይኞቹ «ወጣች» ብለው ውሃውን ሲጠልፉ፣ ታችኞቹ «ገና ናት፤ ተራው የእኛ ነው» ይላሉ። በዚህ ጠብ የአለኸኝ ልጅ ምንይችል፣ ጌጤ የሚባለውን የታችኛው መንደር ሰው በአካፋ አናቱን ብሎ ገደለው። ነገ ማለዳ ሁለቱ መንደሮች ጠመንጃ ይዘው ቦዩ ላይ ሊገናኙ ነው፤ ላይኞቹም የሚጠብቁት የአለኸኝን ቃል ነበር።

ሸለብ እንዳደረገው ጌጤ መጣ፤ አናቱ እንደተፈነከተ፣ ደሙ እንዳልደረቀ።

«ተነሥ አያ አለኸኝ። ያጋደለችንን ላሳይህ።»

«ልትገድለኝ ነው?»

«የሞተ ሰው ምን ክንድ አለው? ለመግደሉስ እናንተ ትበቃላችሁ» ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ደሙ በአገጩ ወረደ።

ወስዶም በፀሐይ ፊት አቆመው። ሜዳዋ የሚፈላ እሳት ነበር። በወገቧ ያለው እየጋለበ በሃያ አምስት ቀን ገደማ ሲዞር፣ በጫፎቿ ያለው እያዘገመ ከሠላሳ ቀን በላይ ይፈጅ ነበር። ፈጣኑ ዘገምተኛውን ጥሎት ሲሄድ፣ ከእሳቱ የበቀሉት የመግነጢስ ጅማቶች ይጠማዘዛሉ፤ ሲበጠሱም ምድርን የሚውጥ ነበልባል ወደ ጨለማው ይፈነዳል። አለኸኝ ፊቱን ሸፈነ።

«ይህስ እኛው ነን» አለ።

«ቀና በል እንጂ! ከላይ ያለውን እይ።»

ከእሳቱ ሜዳ በላይ፣ ጨረቃ ፀሐይን በጋረደች ቀን ብቻ ለሰው ዓይን የሚታየው ነጭ አክሊል ተዘርግቶ ነበር። ከሜዳው ይልቅ እጅግ የጋለ ሆኖ ሳለ፣ ከወገብ እስከ ጫፍ እንደ አንድ ወፍጮ፣ ከሞላ ጎደል እኩል ይዞራል።

«ፈጣንና ዘገምተኛ ሜዳ ላይ ተተክሎ እንዴት አብሮ ይዞራል?»

«ጅማቱ ከዳር እስከ ዳር አያይዞታል። የተያያዘ ለብቻው አይሮጥም፤ ለብቻውም አይቀርም። አሁን ደግሞ ወደ ታች ተመልከት።»

ቢመለከት፣ ገና ያልመጣ ቀን ታየው፤ በቦዩ ራስ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል። ፀሐይ እሱን ስትነካ የሁለቱም መንደር የውሃ አባቶች በአንድ ድምፅ «ወጣች!» ይላሉ፤ አንድም አካፋ በሰው ላይ አይነሣም።

«ድንጋዩን ማን አመጣው?»

«ልጅህ። ይቅርታ ሊለምን ተሸክሞት እናቴ ደጅ ወድቆ ነበር።»

«ማረችው?»

ጌጤ ደሙን ጠረገና ዘወር ብሎ ሄደ።

አለኸኝ ባንኖ ሲነሣ ምንይችል ጠመንጃውን ጥይት ያጎርሳል።

«አባዬ፣ ስንት ዝናር ልያዝ?»

«ጠመንጃውን አኑር። ከደጅ ያለውን ጥቁር ድንጋይ በጫንቃህ አንሣ።»

«ይገድሉኛል እኮ!»

«እኔ ከፊትህ ነኝ፤ ያየሁትን እየተናገርኩ። የሚተኩሱ ከሆነ እኔን ያስቀድሙ።»

ፀሐይ ለላይኛው መንደር በወጣች ጊዜ፣ አባትና ልጅ ገና ወዳልነጋለት መንደር ቁልቁል ይወርዱ ነበር።